ወርቅ ይሻላል ወይስ ሰማያዊው ቀለም? ደጋ ላይ ሆኖ የኢንዛይም ባዮሴንሰር መምረጥ

ጥቅምት ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠዋት ላብራቶሪ መግባት ይከብዳል። እጅ ይደነዝዛል። ጠረጴዛው ላይ ያደረው በፈር፣ አሲድነቱን ጠብቆ የሚቆየው ፈሳሽ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ባለ ጠዋት አንዲት የማስተርስ ተማሪ የጥናት ሐሳቧን ይዛ መጣች። ወረቀቷ ላይ ወርቅ አለ፣ ፕላቲነም አለ፣ ካርቦን ናኖቲዩብ አለ፣ ግራፊን አለ። ሁሉም አንድ ኤሌክትሮድ ላይ።

«ምን ልትለኪ ነው?» አልኳት።

«እሱን ገና አልወሰንኩም መምህር» አለች።

አልፈረድኩባትም። ባዮሴንሰር ማለት ኢንዛይም ኤሌክትሮድ ላይ ተለጥፎ ናሙና ውስጥ ያለን ነገር በኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ ነው። በዚህ ዘርፍ የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኞቹ ርዕሳቸው ላይ የሚያስቀድሙት ናኖ ቅንጣቱን፣ በናኖሜትር የሚለካውን ደቃቅ ቁስ፣ ነው። አንባቢም ምርጫው ከዚያ የሚጀምር ይመስለዋል። እኔ ግን በተቃራኒው ብትሄዱ ይሻላል እላለሁ። መጀመሪያ ናሙናው ይታወቅ። ቀጥሎ ኢንዛይሙ። ከዚያ ኤሌክትሮኑ በየት በኩል እንደሚወጣ። ናኖ ቅንጣቱ ተራው የሚደርሰው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆናችሁ ለመመረቂያ ወይም ለምርምር ባዮሴንሰር ለመሥራት ላሰባችሁ ነው። ቦታውን የማነሳው በምክንያት ነው። ከፍታው፣ ብርዱ፣ የመብራቱ መጥፋት፣ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማበርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የሚቀበለው ሙቀት፣ እነዚህ ሁሉ ምርጫችሁን ይለውጡታል።

ኤሌክትሮኑ በየት ይውጣ?

ኢንዛይም ምርጥ አነፍናፊ ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ማር ውስጥ ከሞላው ስኳር መካከል ግሉኮስን ለይቶ ይይዛል፣ ፍሩክቶስን ያልፈዋል። ኤሌክትሮድ ደግሞ ቆጣሪ ነው። ማን እንደመጣ አይለይም፣ የሚቆጥረው ኤሌክትሮን ብቻ ነው። አስቸጋሪው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ኤሌክትሮኑን የሚይዘው ኤፍኤዲ በሚባል ክፍሉ ነው። ይህ ክፍል ፕሮቲኑ ውስጥ ጠልቆ ነው የተቀመጠው። ኤሌክትሮዱ ከውጭ ሆኖ በቀላሉ አይደርስበትም።

የመጀመሪያው መላ ኦክስጅንን መጠቀም ነው። በ1962 ሊላንድ ክላርክ እና ቻምፕ ላዮንስ ያሳዩት መንገድ ይህ ነው። ኦክስጅን ወደ ኢንዛይሙ ገብቶ ኤሌክትሮኑን ይወስዳል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። እኛ ወይ የጎደለውን ኦክስጅን ወይ የተፈጠረውን ፐርኦክሳይድ እንለካለን። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ተጨማሪ ኬሚካል አይፈልግም።

ደጋ ላይ ግን ኦክስጅኑ ራሱ ጥያቄ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ግፊት 70 በመቶ አካባቢ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን 0.26 ሚሊሞላር ገደማ ሲሆን እዚህ ወደ 0.18 ይወርዳል። የጤነኛ ሰው የደም ግሉኮስ 5 ሚሊሞላር አካባቢ መሆኑን አስቡ። ግሉኮሱ ይተርፋል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል። ያን ጊዜ ግሉኮስን ከከረንት ጋር የሚያያይዘው መስመራችሁ ቶሎ ይታጠፋል። ግሉኮሱ ቢጨምርም ከረንቱ አይጨምርም።

አንዱ መፍትሔ ናሙናውን በደንብ ማቅጠን ነው። ሌላው ከኢንዛይሙ በላይ ግሉኮስን የሚያዘገይና ኦክስጅንን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ማድረግ ነው። ቅዝቃዜውም ትንሽ ያግዛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን የበለጠ ይይዛልና። ከሁሉም በላይ ግን መለኪያችሁን በምትለኩበት ቦታ ካሊብሬት አድርጉ፣ ማለትም መጠኑ በታወቀ ግሉኮስ አስተካክሉት። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ናት፣ ግፊቷም ከባሕር ጠለል 86 በመቶ ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተሠራ የካሊብሬሽን መስመር ሸዋ ሮቢት ላይ አይሠራም። እኛ ይህን ያወቅነው ተቃጥለን ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ የለካነውን ቁጥር መጣል ነበረብን።

ሁለተኛው መላ አመላላሽ ሞለኪውል ማስገባት ነው፣ ሚዲዬተር የሚሉት። ፌሮሲን ወይም ፖታሽየም ፌሪሲያናይድ የኦክስጅኑን ሥራ ተክቶ ይሠራል። በ1984 እንግሊዝ ውስጥ በፌሮሲን የተሠራው ሥራ ነው በ1987 ብዕር የምታክል የቤት ግሉኮሜትር ገበያ ላይ ያወጣው። ለደጋ ይሄ ይስማማል። ግን ኦክስጅን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ከአመላላሹ ጋር ይሻማል። ስለዚህ ኦክስጅን ሲያንስ ንባቡ ከእውነቱ ከፍ ይላል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው መንገድ ላይ ኦክስጅን ሲያንስ ንባቡ ዝቅ ነበር የሚለው። ስህተቱ አቅጣጫውን ቀየረ ማለት ነው።

ሦስተኛው መላ ኤሌክትሮኑ ያለ አመላላሽ በቀጥታ እንዲሄድ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ሥራ አለ። በ2003 የኢታማር ዊልነር ቡድን 1.4 ናኖሜትር የሆነች የወርቅ ቅንጣት ከኤፍኤዲ ጋር አያይዞ ኢንዛይሙን እሷ ላይ መልሶ ገጠመው። ቅንጣቷ እንደ ሽቦ ሆነች። ኢንዛይሙ በሰከንድ 5,000 ገደማ ኤሌክትሮን ማስተላለፍ ቻለ። ከኦክስጅን ጋር ሲሠራ 700 ያህል ነበር። ይህን ሳነብ እስከ ዛሬ ልቤ ይሞላል።

ግን ለመመረቂያ ሥራ አልመክረውም። ኢንዛይሙን ፈትቶ መልሶ መግጠም ከባድ ጥበብ ነው። ከዚህም በላይ ናኖቲዩብ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ አድርቆ «ቀጥተኛ ዝውውር አገኘሁ» ማለት በጣም ቀላል ነው። ከረንቱ ከቮልቴጁ ጋር ሲሣል ወደ −0.45 ቮልት አካባቢ የሚታየው ውብ ጥንድ ጉብታ ከኢንዛይሙ ተላቆ የወጣ ኤፍኤዲ ሊሆን ይችላል። ፈተናው አንድ ነው። ግሉኮስ ስትጨምሩ ያለ ኦክስጅን ከረንቱ ካልጨመረ ኤሌክትሮኑ ከግሉኮስ አልመጣም።

ናኖ ቅንጣቶቹ

ናኖ ቅንጣት ሦስት ነገር ያደርጋል። ኢንዛይም የሚያርፍበትን ቦታ ያሰፋል፣ ምላሹን ያፋጥናል፣ ወይም የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ዝቅ ያደርጋል። የኔን ምርጫ የሚወስነው ሦስተኛው ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ፐርኦክሳይድን ባዶ ኤሌክትሮድ ላይ ለማቃጠል፣ ማለትም ኤሌክትሮን ለመውሰድ፣ ከብር ክሎራይድ ማነጻጸሪያ አንጻር +0.6 እስከ +0.7 ቮልት መስጠት ያስፈልጋል። በዚህ ቮልቴጅ ቫይታሚን ሲም ይቃጠላል፣ ዩሪክ አሲድም ይቃጠላል፣ ታማሚው ራሱን አሞት የዋጠው ፓራሲታሞልም ይቃጠላል። ኤሌክትሮዱ ሁሉንም ደምሮ ይቆጥራል። እናንተ ግሉኮስ ነው ትላላችሁ። ኢንዛይሙ የደከመበት መራጭነት በር ላይ ተበላሸ ማለት ነው።

ለዚህ ነው ፕሩሺያን ብሉን የምወደው። ያው ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት ጥንታዊ ሰማያዊ ቀለም ነው፣ ብረትና ሲያናይድ ተሳስረው የሠሩት። ፐርኦክሳይድን አያቃጥልም፣ ይቀንሰዋል፣ ማለትም ኤሌክትሮን ይሰጠዋል። ይህንንም በ0 ቮልት አካባቢ ያደርገዋል። እዚያ ቮልቴጅ ላይ ቫይታሚን ሲም ፓራሲታሞልም ዝም ይላሉ። ከፌሪክ ክሎራይድና ከፖታሽየም ፌሪሲያናይድ በአሲድ ውስጥ እዚያው ኤሌክትሮዱ ላይ ይበቅላል። ሁለቱም ኬሚካሎች ርካሽ ናቸው፣ ብዙ የኬሚስትሪ መጋዘን ውስጥም አይጠፉም። ከውጭ ትእዛዝ ስድስት ወር አትጠብቁም።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ፒኤች ከ7 ከፍ ሲል ይሟሟል። ፐርኦክሳይድ ሲቀንስ ራሱ ሃይድሮክሳይድ ስለሚፈጥር ኤሌክትሮዱ ደጅ ላይ ፒኤቹ ቀስ እያለ ይጨምራል። ስለዚህ በፒኤች 6 ወይም 6.5 ፎስፌት በፈር ሥሩ። ፖታሽየም ክሎራይድ ጨምሩበት። ቀለሙ ያለ ፖታሽየም በደንብ አይሠራም። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ በበኩሉ ወደ 5.5 ፒኤች አካባቢ ስለሚመቸው ሁለቱ ይስማማሉ። እንዲህ ዓይነት መገጣጠም ሲገኝ ደስ ይላል።

ወርቅ ሌላ ታሪክ አለው። ፕሮቲን ይወዳል፣ ኢንዛይሙን ብዙም ሳይጎዳ ይይዘዋል። ድኝ ያለበትን ሞለኪውል አጥብቆ ይይዛል። ዝግጅቱም እዚሁ ይቻላል። በ1951 ተርኬቪች ያስተዋወቀው ዘዴ ክሎሮኦሪክ አሲድን በሶዲየም ሲትሬት ማፍላት ነው። የወርቁ ጨው ውድ ነው፣ ግን አንድ ግራም ለዓመት ሥራ ይተርፋል።

እዚህ ላይ የደጋ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዘዴው የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እዚህ ሽሮ የምትሠራ እናት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው። ስለዚህ «15 ደቂቃ አፍላ» የሚለውን ሰዓት አትመኑ። ቀለሙን ተከተሉ። ፈዛዛ ቢጫው ይጠፋል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ወደ ቀይ ወይን ጠጅ ይዞራል። ቀዩ ቀለም መለወጥ ካቆመ በኋላ ትንሽ ጠብቁና አውርዱት። በስፔክትሮፎቶሜትር ብርሃን አብዝቶ የሚመጥበት ጫፉ 520 ናኖሜትር አካባቢ ከሆነ ተሳክቷል። ወደ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ካደላ ቅንጣቶቹ ተጣብቀዋል፣ አትጠቀሙበት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በደንብ ያልታጠበ ብርጭቆ ነው።

ፕላቲነም ናኖ ቅንጣት ፐርኦክሳይድን በጥሩ ሁኔታ ያቃጥላል፣ ፒኤች 7.4 ላይም አይሟሟም። ደም ላይ ለምትሠሩ ከፕሩሺያን ብሉ ይሻላል። ግን ቮልቴጁ አሁንም ከዜሮ በላይ ነው። ስለዚህ ከላዩ ናፊዮን የሚባል ስስ የፖሊመር ሽፋን ያስፈልገዋል። ናፊዮን አሉታዊ ሙላት ስላለው ቫይታሚን ሲንና ዩሪክ አሲድን ይገፋል። ፓራሲታሞልን ግን አይገፋም፣ እሱ ሙላት የለውምና።

ካርቦን ናኖቲዩብ ጥሩ አስተላላፊ ነው። ግን ውሃ ውስጥ አይበተንም፣ በአሲድ ማጽዳት ይፈልጋል፣ ውስጡም የቀረ ብረት ይኖራል። ያ ብረት ራሱ ምላሽ ይሰጥና ያሳስታችኋል። ለጀማሪ ካርቦን ብላክ፣ እንደ ጥላሸት ያለው ዱቄት፣ ይበቃዋል። ዋጋው ከናኖቲዩብ ጋር አይወዳደርም።

ከኦክሳይዶቹ ዚንክ ኦክሳይድን አንድ ነገር ያስወድደኛል። የሙላት ሚዛኑ፣ አዎንታዊና አሉታዊ ሙላቱ እኩል የሚሆንበት፣ ፒኤች 9.5 አካባቢ ነው፣ የግሉኮስ ኦክሲዴዝ ደግሞ 4.2። በፒኤች 7 አንዱ አዎንታዊ ሌላው አሉታዊ ስለሆኑ ያለ ምንም ማጣበቂያ ይሳሳባሉ። አሲድ ውስጥ ግን ይሟሟል። የብረት ኦክሳይዱ ማግኔታይት በማግኔት ስለሚሰበሰብ ማጠብን ያቀላል።

የትኛውንም ብትመርጡ ውጤታችሁን የምታስተያዩባቸው ሁለት የቁጥጥር ኤሌክትሮዶች ሥሩ። አንዱ ናኖ ቅንጣት የሌለው፣ ኢንዛይም ያለው። ሌላው ኢንዛይም የሌለው፣ ናኖ ቅንጣት ያለው። ናኖ ቅንጣት ስፋቱን ሲጨምር የጀርባውን፣ ያለ ናሙናም የሚታየውን፣ ከረንት አብሮ ይጨምራል። ከረንቱ በዝቶ መለየት ግን ላይሻሻል ይችላል። ይህን ሳያዩ ተመርቀው የሄዱ ተማሪዎች አሉኝ። ይቆጨኛል።

ኤሌክትሮዱስ?

ሦስት ምርጫ አላችሁ። ግላሲ ካርቦን፣ ታትሞ የሚመጣ ስትሪፕ እና የካርቦን ሊጥ።

ግላሲ ካርቦን እንደ መስታወት የለሰለሰ ጠንካራ ካርቦን ነው። ንጹሕ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ግን በየቀኑ በአሉሚና ዱቄት መወልወል ይፈልጋል፣ ከ1 ማይክሮሜትር ጀምሮ ወደ 0.3፣ ከዚያ ወደ 0.05። አንድ ብቻ ካላችሁ በቀን ሁለት ሦስት ልኬት ነው የምትሠሩት። ስታቲስቲክሳችሁ ይሳሳል።

ስትሪፑ የሚለካውን፣ ማነጻጸሪያውንና ረዳቱን ኤሌክትሮድ አንድ ላይ ይይዛል። አንድ ጠብታ ናሙና ይበቃዋል፣ 50 ወይም 100 ማይክሮሊትር። ወደ መስክ ይዞ ለመውጣት አቻ የለውም። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ማነጻጸሪያው ራቁቱን ያለ የብር ቀለም ነው። የክሎራይዱ መጠን ሲለዋወጥ ቮልቴጁም ይንሸራተታል። የወንዝ ውሃና ማር በክሎራይድ አይመሳሰሉም። ሁሉም ናሙና ላይ እኩል 0.1 ሞላር ፖታሽየም ክሎራይድ ጨምሩና ተገላገሉ።

ለበጀት አልባ ላብ ግን የካርቦን ሊጥ ይሁንላችሁ። የግራፋይት ዱቄትና የፓራፊን ዘይት ተቦክተው ጫፉ በተቆረጠ ሲሪንጅ ውስጥ ይጠቀጠቃሉ፣ በኋላ በኩል የመዳብ ሽቦ ይገባል። ሲበላሽ ጫፉን ትገፋላችሁ፣ ወረቀት ላይ ታሹታላችሁ፣ አዲስ ይሆናል። ኢንዛይሙንም ናኖ ቅንጣቱንም እዚያው ሊጡ ውስጥ ማቡካት ይቻላል።

ናሙናው ይናገር

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። እዚህ አካባቢ ተማሪ ደጋግሞ የሚያነሳቸው ሦስት ናሙናዎች አሉ።

አንደኛው ማር ነው። «ስኳር የተቀላቀለበትን ማር እለያለሁ» ብሎ ግሉኮስ ሴንሰር ለመሥራት የሚነሳ ብዙ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፣ ግን ማር ራሱ ሲሶ ያህሉ ግሉኮስ ነው። ግሉኮስ መለካት ንጹሑን ከተቀላቀለው አይለይም። መለካት ያለበት ሱክሮስ ነው። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አብዛኛው ማር ከ100 ግራም ውስጥ ከ5 ግራም በላይ ሱክሮስ ሊኖረው አይገባም። ሱክሮስን ለማየት ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም ከግሉኮስ ኦክሲዴዝ ጋር ትጨምራላችሁ። ኢንቨርቴዙ ሱክሮስን ይሰነጥቃል፣ በፊትና በኋላ ያለውን የግሉኮስ ልዩነት ትወስዳላችሁ። አስቀድሞ የተሰነጠቀ ሽሮፕ የተቀላቀለበትን ግን ይህ ዘዴ አይዝም። ጥናታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት።

አንድ ግራም ማር በአንድ ሊትር ውሃ ብታቀጥኑ ግሉኮሱ 1.7 ሚሊሞላር አካባቢ ይመጣል። ለመስመራችሁ ጥሩ ቦታ ነው። መጠኑ የታወቀውን ስታንዳርድ ግሉኮስ ስታዘጋጁ ደግሞ አሳድሩት። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚያውቀው ቤታ የሚባለውን ቅርጽ ነው፣ አዲስ የተበጠበጠ ግሉኮስ ሚዛኑን እስኪይዝ ሰዓታት ይፈጅበታል። ያላደረ ስታንዳርድ ስንቱን ተማሪ እንዳስለቀሰ እኔ አውቃለሁ።

ለማር ምርጫዬ የካርቦን ሊጥ ወይም ስትሪፕ፣ ላዩ ላይ ፕሩሺያን ብሉ፣ ከዚያ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ካይቶሳን በሚባል ማጣበቂያ ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ጠንካራ ኢንዛይም ነው። መብራት ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ አይሞትባችሁም።

ሁለተኛው ፀረ ተባይ ነው። ሸዋ ሮቢትና ምንጃር በመስኖ ሽንኩርት ያመርታሉ። የሚረጨው ብዙ ነው፣ የሚረጨውም ሰው ብዙ ጊዜ ጓንትና ጭምብል የለውም። ይህ ጉዳይ ከማሩ በላይ ልቤን ይነካል። እዚህ የሚመረጠው ኢንዛይም አሴቲልኮሊንኢስተሬዝ ነው። አሠራሩ ከግሉኮሱ ይገለበጣል። ኢንዛይሙ አሴቲልታዮኮሊንን እየሰነጠቀ ታዮኮሊን ያወጣል፣ ከረንት እናያለን። ከዚያ ናሙናውን ከኢንዛይሙ ጋር 10 ወይም 15 ደቂቃ እናቆያለን። መርዙ ካለ ኢንዛይሙን ያስረዋል፣ ከረንቱ ይቀንሳል። የምንለካው የጎደለውን ነው።

ወርቅ ተራው እዚህ ነው። ታዮኮሊን ድኝ አለው፣ ወርቅ ድኝ ይወዳል። ባዶ ካርቦን ላይ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚጠይቀው ምላሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ኢንዛይሙም ወርቁ ላይ ይመቸዋል። ኤሌክትሮዱ ግን ስትሪፕ ይሁን። አንዴ የታሰረ ኢንዛይም መልሶ ለመጠቀም በፕራሊዶክሲም መፍታት ይቻላል፣ ሙሉ በሙሉ ግን ላይመለስ ይችላል። ተጠቅሞ መጣሉ ይሻላል።

ይህን ምርጫ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ገበሬውን ጠይቁ። «አባባ፣ ዘንድሮ ምን ረጩ?» በሉ። ጣሳውን ያሳዩአችሁ። ይህ ኢንዛይም የሚያየው ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉትን የፀረ ተባይ ዓይነቶች ነው፣ እንደ ማላታዮን፣ ዳያዚኖን፣ ዳይሜቶኤት ያሉትን። ለሻጋታ የሚረጨውን ማንኮዜብን አያይም። ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን ፀረ ተባዮችም አያይም። ገበሬው የሚረጨው እነዚያን ከሆነ ሴንሰራችሁ «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ሽንኩርቱ ግን ንጹሕ አይደለም። ይህ ከማይሠራ ሴንሰር የባሰ አደጋ ነው።

ማላታዮንና ዳያዚኖን ራሳቸው ደካማ አሳሪዎች ናቸው። ኦክስጅን ድኙን ሲተካው ነው የሚበረቱት። ስለዚህ ናሙናውን በጥቂት የብሮሚን ውሃ አስቀድማችሁ ማስኬድ ይኖርባችኋል፣ የተረፈውን ብሮሚን ደግሞ ማጥፋት። ከባድ ብረቶችም ኢንዛይሙን ያስራሉ። ሴንሰሩ «የሚያስር ነገር አለ» ይላል እንጂ ስሙን አይነግራችሁም። ስሙን የሚነግራችሁ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ የሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው። ሴንሰሩ ከመቶ ናሙና ውስጥ ወደ አዲስ አበባ የሚላኩትን አሥሩን ይምረጥላችሁ፣ ሥራው ያ ነው።

ይህ ኢንዛይም ስስ ነው። አንድ ጊዜ በበረዶ ከረጢት የተላከልን ብልቃጥ ዕቃ አድራሽ ቢሮ ውስጥ ቅዳሜና እሑድን ከርሞ ሰኞ ደረሰን። ከረጢቱ ውሃ ሆኗል። አልጣልነውም፣ ሠራንበት። ሁለት ወር «ወርቁ ነው፣ ማጣበቂያው ነው» እያልን ስንፈልግ ኢንዛይሙ ሞቶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ብልቃጥ እንደደረሰ በኤልማን ሪኤጀንት እንፈትሻለን። ኢንዛይሙ የሚሠራ ከሆነ ቢጫ ቀለም ይወጣል፣ በ412 ናኖሜትር ይነበባል፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚሠራውን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ይገድለዋል።

ሦስተኛው የወንዝ ውሃ ነው፣ በተለይ ፌኖል የሚባለው በካይ። ኢንዛይሙ ታይሮሲኔዝ ይባላል። ድንች ስትልጡ የሚጠቁረው በዚህ ኢንዛይም ቤተሰብ ሥራ ነው። ፌኖሉን ወደ ኪኖን ይለውጠዋል፣ ኪኖኑ ከዜሮ በታች ባለ ትንሽ ቮልቴጅ ይቀነሳል፣ ጣልቃ ገቦቹ ጸጥ ይላሉ። የድንቹን ሥጋ ራሱን የካርቦን ሊጥ ውስጥ አቡክቶ መሥራት ይቻላል። የመንዝና የደብረ ብርሃን ድንች እያለ ውድ ብልቃጥ ለማዘዝ አትቸኩሉ። እንደ ተጣራው ኢንዛይም አይረጋም፣ በየቀኑ አዲስ ሊጥ ማቡካት አለባችሁ። ለማስተማሪያና ለመጀመሪያ ሙከራ ግን ድንቅ ነው። ናኖ ቅንጣት ከፈለጋችሁ ካርቦን ብላክ ጨምሩ። ወርቅ እዚህ ብዙ ትርፍ የለውም።

ማጣበቂያውና ብርዱ

ካይቶሳን ለጀማሪ ይመቻል። በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ይሟሟል፣ ሲደርቅ ኢንዛይሙን አቅፎ ይይዛል። ግሉታራልዲሃይድ ከአልቡሚን ጋር የበለጠ ያጠብቃል፣ ግን ሲበዛ ኢንዛይሙን ያደነዝዛል። ለግሉኮስ ኦክሲዴዝ ይሁን፣ ለአሴቲልኮሊንኢስተሬዝ እጃችሁን ሰብስቡ። ክረምት ላይ እርጥበቱ ስለሚበዛ ሽፋኑ ቶሎ አይደርቅም፣ ፍሪጅ ውስጥ ክዳን ባለው ሳጥን ከሲሊካ ጄል ጋር አሳድሩት።

ብርዱ ግን ከማጣበቂያው በላይ ያሳስበኛል። የኢንዛይም ፍጥነት በየ10 ዲግሪው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት የቀዘቀዘ ላብ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ይሞቃል። ጠዋት ካሊብሬት አድርጎ ከሰዓት ናሙና መለካት ማለት ሁለት የተለያየ ሜትር መጠቀም ነው። ውሃ ገንዳ ካላችሁ 25 ላይ አቁሙት። ከሌላችሁ ስታንዳርድና ናሙናን እያፈራረቃችሁ ለኩ፣ ቴርሞሜትሩን እያነበባችሁ መዝግቡ።

ቤት ያለው ግሉኮሜትር

ይህን ሁሉ ስጽፍ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ስኳር አለባት። ስትሪፕ ልገዛላት ስሄድ ፋርማሲው ቆሜ የማነበው ያንኑ ምርጫ ነው። ትንሿ ወረቀት ላይ ኢንዛይሙ ተጽፏል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ከሆነ ኦክስጅን ይነካዋል፣ ስለዚህ መግለጫው ላይ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ እንደተፈተነ ፈልጉ። ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ ከሆነ ኦክስጅን ብዙም አያስጨንቀውም፣ ለደጋ ሰው እሱን አስቀድማለሁ። ከዲሃይድሮጂኔዞቹ ውስጥ ግን ፒኪውኪው የተባለው ማልቶስ የሚባለውን ስኳርም ግሉኮስ ነው ብሎ ይቆጥራል። ሰውነት ውስጥ ማልቶስ በሚያወጣው ኢኮዴክስትሪን በተባለ ፈሳሽ በሆድ በኩል የኩላሊት እጥበት ለሚያደርጉ አደገኛ ነው፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 አስጠንቅቆበታል። ኤፍኤዲ የተባለው ማልቶስን አይቆጥርም።

የቤት መለኪያ ደረጃው ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ባለ ንባብ 15 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል። 200 ብሎ ቢያነብ እውነቱ 175 ወይም 230 ሊሆን ይችላል። በአንድ ንባብ ብቻ መድኃኒት አይቀየርም፣ ሐኪሙ ይጠየቃል።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ደወለችልኝ። «መሣሪያው ስህተት ይላል፣ ተበላሸ መሰለኝ» አለች።

«የት አድሮ ነው እማዬ?»

«መስኮቱ ላይ።»

ብዙዎቹ መለኪያዎች ከ10 ዲግሪ በታች አይሠሩም። ከስትሪፑ ጋር ጋቢዋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንድታቆየው፣ እጇንም ለብ ባለ ውሃ ታጥባ በደንብ እንድታደርቅ ነገርኳት። መልሳ ደወለች። 142 አነበበ።